አውርዳችሁ እዩልን

55 ማይል ላይ ደህና ነው። 60 ሲገባ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ 65 ላይ እጅ እስኪደነዝዝ ይርገፈገፋል፤ ትንሽ ሲያልፍ ምንም እንዳልነበረ ዝም ይላል። እፎይ ሳይባል ከመቀመጫው ሥር ሌላ ንዝረት ይነሳል፤ ይሄኛው እጅን ትቶ ወገብ ነው የሚይዘው። ነዳጅ ሲሰጡት ይብሳል፣ እግር ሲያነሱለት ይቀንሳል። ዝቅ የተደረገ ፒካፕ ይዞ ዋሽንግተንን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ የሚመላለስ ሰው ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቀዋል። የማያውቀው ለማን አቤት እንደሚል ነው።

ደክሞኛል። በመኪናው አልፈርድም፤ ብረት ነው፣ ያደረጉትን ይመልሳል። ያደከሙኝ መኪናውን የሚያዩት ሰዎች ናቸው። ሁሉም ሰቅለው ነው የሚያዩት። ጎማው ተፈትቶ አየር ላይ ይሽከረከራል። መኪናው በሊፍት ይሰቀልና እግሮቹ ተንጠልጥለው ይታያል። ፕሮፔለር ሻፍቱ ይወልቅና ብቻውን ማሽን ላይ ይመዘናል። ከዚያ ሁሉም «ደህና ነው» ይባላል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ መኪናው ይወርዳል፤ አውራ ጎዳና ላይ ሲወጣ ያው ነው። ሕመሙ የሚነሳው መኪናው በአራት ጎማው መሬት ረግጦ ክብደቱን ሲሸከም መሆኑን ለማስረዳት ስንቱን ደጅ እንጥና?

እኛ አገር ፒካፕ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታሰበው ከፍ ማድረጉ ነው፤ ባሌስትራ ይጨመርለታል፣ ጭነት ይችላል፣ ጉድጓድ ያልፋል። እዚህ ደግሞ ዝቅ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ በተለይ በደቡብ ካሊፎርኒያ። የመኪናን አካል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች ማውረድን የሚከለክለው የካሊፎርኒያ ሕግ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጸንቶ ቆይቶ የተሻረው ገና በ2024 መግቢያ ነው። እኔም ዝቅ ያለ ፒካፕ እወዳለሁ። ጎማው ከፓራፋንጎው ሥር ሞልቶ ሲቆም ያምራል፣ ኩርባ ላይ አይወዛወዝም፣ ዕቃ ለመጫንም ጀርባው ለእጅ ይቀርባል። ስለዚህ «ማን ዝቅ አድርግ አለህ?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ በሥርዓት ዝቅ የተደረገ ፒካፕ አይንቀጠቀጥም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ሆኖ ነው እንጂ።

በብዛት ዝቅ ከሚደረጉት አንዱ ጄኔራል ሞተርስ ለ1988 ሞዴል ያወጣው፣ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ የዘለቀው የሸቭሮሌት ፒካፕ ነው። በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ዓይነት ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ አለው፤ ለመሥራት ቀላል ነው፣ ዕቃውም እስከ ዛሬ ይገኛል። እኔም ከዚያ ትውልድ አንዱን ነው የምነዳው። ፋብሪካው አልበደለም፤ ያወጣው ከፍታ ላይ ቢቀር ኖሮ ሁሉም ነገር ልኩ ላይ ነበር። ፊቱን 4 ኢንች፣ ኋላውን 6 ኢንች ማውረድ የተለመደ ነው፤ ሻጮችም ማስታወቂያው ላይ «ፎር ሲክስ» ብለው ይጽፉና ያበቃል። እንዴት እንደወረደ ግን ማንም አይጽፍም! ፊቱ የወረደው አጭር ሞላ ገብቶለት ነው ወይስ ስፒንድሉ ተቀይሮ? ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስፒንድል ሲቀየር ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዙት ብራቾዎች እንደ ነበሩ ይቆያሉ፤ ጎማው የሚያያዝበት ቦታ ብቻ ከፍ ይላል። ሞላ ሲያጥር ወይም፣ የባሰ አታምጣ፣ በመጋዝ ሲቆረጥ ግን ብራቾዎቹ ሽቅብ ይታጠፋሉ፤ የመሪው ታይሮድ በአንድ ቅስት፣ ብራቾው በሌላ ቅስት ይሄዳሉ፤ መኪናው እብጠት በነካ ቁጥር ጎማው ሳይጠሩት ራሱ ይዞራል። ገዢው ይህን የሚያውቀው ገንዘቡን ከፍሎ፣ የመኪናውን ወረቀት በስሙ አዙሮ፣ አውራ ጎዳና ከገባ በኋላ ነው።

ጎሚስታ ቤት ልጀምር፤ ሁላችንም የምንጀምረው እዚያ ነውና። «መሪው ይንቀጠቀጣል» ስትል ሰውየው ከአፍህ ተቀብሎ «ባላንስ ነው» ይላል። በስንት ማይል? እጅህ ላይ ነው መቀመጫህ ላይ? ፍሬን ስትይዝ ነው ነዳጅ ስትሰጥ? አንዱንም አይጠይቅም። ይህን ለመለየት ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ የማባዛት ሂሳብ ይበቃል። ዲያሜትሩ 28 ኢንች ገደማ የሆነ ጎማ በ60 ማይል ሲሄድ በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ይዞራል። የጎማ ጥፋት እንግዲህ በሰከንድ 12 ጊዜ ነው የሚመታው፤ መሪን ግራና ቀኝ የሚያርገበግበው ጎላ ያለ ምት እሱ ነው። የዲፈረንሻሉ ሬሾ 3.73 ከሆነ ደግሞ ፕሮፔለር ሻፍቱ በዚያው ፍጥነት በሰከንድ 45 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሻፍቱ ክብደቱ ከተዛባ 45 ጊዜ ይመታል፤ የሻፍቱ መገጣጠሚያ የሆነው ክሮቼራ ማዕዘኑ ከተበላሸ ደግሞ በአንድ ዙር ሁለቴ ስለሚመታ 90 ጊዜ ይሆናል፤ ያ እንግዲህ እግርና ወገብ ላይ የሚሰማው ጥርስ የሚያፋጭ ንዝረት ነው። ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ለሦስቱም የሚሰጠን መድኃኒት ግን አንድ ነው፤ ቸርኬው ላይ የሚለጠፍ እርሳስ።

እርሳሱም ቢሆን በአግባቡ አይለጠፍም። ማሽኑ ላይ ቸርኬው በሾጣጣ ብረት መሃሉን ይዞ ይሽከረከራል፤ እዚያ ላይ ዜሮ ያሳያል፣ ልክ ነው። ከሌላ ቦታ የተገዛ ቸርኬ ግን የመሃል ቀዳዳው ሆን ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን። መኪናው ላይ ሲገባ መሃሉን የሚይዘው ነገር የለም፤ በዳዶዎቹ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። አንዱን ዳዶ በአየር መፍቻ እስከ መጨረሻው ካጠበቁት በኋላ ሌላውን ሲያጠብቁ ቸርኬው በትንሹ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ይቀራል። ያቺ ትንሽ ሽሽት 65 ላይ እጅ ታደነዝዛለች። መፍትሔው ክፍተቱን የሚሞላ የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ቀለበት ነው፤ ዋጋው ከአንድ ዙር ባላንስ የሚበልጥ አይደለም። ዳዶዎቹም ጎማው ገና አየር ላይ እያለ በእጅ፣ በመስቀለኛ ተራ መያዝ አለባቸው፤ ዋናው ማጥበቅ በኋላ፣ መሬት ላይ ይደረጋል። ይህን ተናግሮ ማሠራት ግን እንደ ስድብ ይቆጠራል። «ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» ይላል ልጁ፤ የአየር መፍቻው ደግሞ ቀድሞት ይጮሃል።

ጎማውን በሮለር ተጭኖ፣ መንገድ ላይ እንዳለ ክብደት አሸክሞ የሚለካ ማሽን አለ። ክብደቱ የተስተካከለ ሆኖ አንድ ጎኑ የጠነከረን ጎማ ወይም የተጣመመን ቸርኬ የሚያጋልጠው እሱ ነው። በክረምት ውሃ አስፋልቱ ውስጥ ገብቶ እየቀዘቀዘና እየቀለጠ ጉድጓድ በሚቆፍርበት በዚህ አካባቢ፣ ስስ ጎማ የለበሰ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ሳይጣመም አንድ ዓመት ቢዘልቅ ዕድለኛ ነው። ማሽኑ ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ካልጠየቅሃቸው ግን አይጠቀሙበትም። ጠይቀህም «አዎ፣ አድርገነዋል» ብለው ወረቀቱን የማይሰጡ አሉ። ወረቀቱን ስጡን! የእያንዳንዱ ጎማ ቁጥር የተጻፈበትን።

አላይመንት ቤቶች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ግማሾቹ በሩ ላይ ይመልሱሃል። «የተቀየረ መኪና አንሠራም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ ወይም የፊቱ አፍንጫ መወጣጫው ላይ ይፋቃል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ግን ሁለት ጣውላ አስቀድሞ ማስቀመጥ ይህን ያህል ይከብዳል? የሚቀበሉት ደግሞ ከጎማው ማዕዘኖች ቶውን ብቻ ነካ ነካ አድርገው፣ ሌሎቹ ሁለቱ፣ ካምበሩና ካስተሩ፣ በቀይ የታተሙበት ወረቀት ሰጥተው ሙሉ ዋጋ ያስከፍላሉ። ካምበሩ ለምን አልተስተካከለም ስትል «አይስተካከልም» ይባላል። ይስተካከላል! በዚያ ዘመን ሸቭሮሌት ላይ የላይኛው ብራቾ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ፋብሪካው የዘጋው ቀዳዳ አለ፤ ያንን በመዶሻ አንኳኩቶ አስወግዶ፣ ቡሎኑን በሚያንሸራትት መለዋወጫ ሲተካ ካምበሩም ካስተሩም ይነካል። ሥራው አድካሚ ነው፣ ጊዜ ይበላል። ከሆነ ዋጋውን ንገሩንና እንክፈል። ጎማው የውስጥ ጎኑ ሲበላና ሽቦው ሲወጣ የምንከፍለው ከዚያ በላይ ነው።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን የቦኮላው ነገር ነው። ብራቾው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸው የጎማ ቦኮላዎች እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከሩም። የመሃላቸው ቱቦ በቡሎኑ ይታሰራል፤ ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ የቦኮላው ጎማ ራሱ እየተጠመዘዘ ይመለሳል። ስለዚህ ቡሎኑ የሚጠብቀው መኪናው በሚቆምበት ከፍታ ላይ፣ ክብደቱ ጎማው ላይ አርፎ ነው። ይህ በየጥገና መጽሐፉ የተጻፈ ነው። እነሱ ግን መኪናውን ሰቅለው፣ ብራቾው ወደ ታች ተንጠልጥሎ እያለ ጥርቅም አድርገው ያጠብቁታል። መኪናው ሲወርድ የቦኮላው ጎማ ገና ቆሞ ሳለ ተጠምዝዟል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየተቀደደ ይሄዳል። ቁመቱም በትንሹ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ አላይመንቱ በዚያ ከፍታ ይሠራል፣ ከዚያ ቦኮላው ሲሸነፍ መኪናው ይወርዳል፣ አላይመንቱም ይበላሻል። ባለቤቱ ተመልሶ ሲሄድ «ቦኮላው ርካሽ ነው፤ ሌላ እንቀይር» ይባላል።

የመሪ ልልነትም እንዲሁ ነው። ይህ ዓይነቱ ፒካፕ መሪው ሳጥን፣ ፒትማን አርም፣ መሃል ላይ የሚሻገር ዘንግ፣ በተቃራኒው ጎን ዘንጉን የሚደግፍ አይድለር አርም፣ ከዚያ ታይሮዶች አሉት። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ለብቻው ሲታይ ጥቂት ነው የላላው፤ ተደምሮ መሪው ላይ ሲደርስ የሚታይ ነገር ይሆናል። አንዲት ትንሽ የጎማ መዛባትንም አጉልቶ ወደ እጅ የሚያመጣው ይህ ልልነት ነው። ለማየት ሁለት ሰው ይበቃል፤ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ አንዱ መሪውን ግራና ቀኝ በትንሹ ያወዛውዛል፣ ሌላው ከሥር ሆኖ እየጨበጠ የትኛው እንደሚዘገይ ያያል። አይድለር አርሙ ወደ ላይና ወደ ታች ከተወዛወዘ አልቆለታል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ፒካፕ ላይ ደግሞ ማለቁ አይደንቅም። ሰቅለው ግን ጎማውን በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው «ጠንካራ ነው» ይላሉ። የታችኛው ቦል ጆይንትማ ጭራሽ ይደበቃል፤ ሻንሲውን ይዘው ሲሰቅሉት ሞላው ብራቾውን ወደ ታች ይገፋና መገጣጠሚያውን አጥብቆ ይይዘዋል። ክሪኩ ከብራቾው ሥር ገብቶ ሞላው ካልተጫነ ልልነቱ አይታይም። ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ አለብን፤ ተከፍሎ መስታወት ላይ ወረቀት ይለጠፋል። ያን ወረቀት የለጠፈ መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ ልጅ ከጎኔ አስቀምጬ፣ የመሪው መገጣጠሚያ ይዞ ይሁን አይዞ ሳላውቅ መንዳት እንቅልፍ ይነሳኛል። እንዲህ ያለ ነገር የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ወገቡ ንዝረት።

መኪናው ወረደ እንላለን እንጂ ጎማው ካልተለወጠ የኋላው አክስል ከመሬት ያለው ከፍታ ያው ነው። የወረደው ሻንሲው ነው፣ ከሻንሲው ጋር ሞተሩና ካምቢዮው። ከነሱ አንጻር አክስሉ 6 ኢንች ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው። 60 ኢንች ርዝመት ያለው ሻፍት አንድ ጫፉ 6 ኢንች ሲነሳ አቅጣጫው ከ5 ዲግሪ ተኩል በላይ ይለወጣል። እንደኔው ረጅም ሆኖ ሻፍቱ ለሁለት የተከፈለ፣ መሃል ላይ በኩሽኔታ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው የኋላው ቁራጭ ብቻ ነው፤ እሱ 40 ኢንች ቢሆን ለውጡ ከ8 ዲግሪ ይበልጣል። ክሮቼራ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። ይህ መስቀለኛ መገጣጠሚያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ በጂሮላሞ ካርዳኖ ስም ይጠራል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ጠባዩን መርምሮታል። ሁለት ዘንጎች በማዕዘን ሲያያዙ አንደኛው እኩል እየዞረ ሌላው በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። እንግዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው፤ ጋራዥ ስትደርስ ግን ማንም ሰምቶት እንደማያውቅ ያፈጥብሃል።

መድኃኒቱም የታወቀ ነው። የፊቱና የኋላው ክሮቼራ እኩል ከታጠፉ አንዱ ያጣመመውን ሌላው ያቃናል። ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ፣ እያንዳንዳቸውም ከ3 ዲግሪ ባያልፉ ጥሩ ነው። ፈጽሞ ቀጥ ማለትም የለባቸውም፤ ቢያንስ ግማሽ ዲግሪ ካልታጠፉ ውስጣቸው ያሉት እንደ መርፌ የቀጠኑ ኩሽኔታዎች አይዞሩም፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እየተመቱ ይበላሉ። የባሌስትራውን የኋላ ማንጠልጠያ በመለወጥ የወረደ መኪና ላይ የባሌስትራው የኋላ ጫፍ ብቻ ሽቅብ ስለሚሄድ አክስሉ ወደ ፊት ይደፋል፤ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ መሬት ያያል። አክስሉን ከባሌስትራው በላይ በማዞር የወረደው ደግሞ አዲሱ መቀመጫ እንዴት እንደተቀመጠ ይወስነዋል። ይህን የሚያቃናው በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ባለ 2 ወይም ባለ 4 ዲግሪ የብረት ሽብልቅ ነው። የመሃሉ ኩሽኔታም ከሥሩ ወይም ከላዩ ሮንዴላ እየተጨመረ ከፍታው ይስተካከላል። ነዳጅ ሲሰጥ ባሌስትራው ስለሚጠመዘዝ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቀና ይላል፤ ስለዚህ ቆሞ ሲለካ 1 ወይም 2 ዲግሪ ወደ ታች እንዲያይ አድርገው የሚተዉት አዋቂዎች አሉ። እዚህ ውስጥ ምስጢር የለም፤ ሽብልቅ፣ ሮንዴላና የማዕዘን መለኪያ ብቻ ነው።

ታዲያ የማውረጃው ኪት ሳጥን ሲከፈት ሽብልቁ የለበትም። ቡሎን አለ፣ ዳዶ አለ፣ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እንኳ አለ። ስለ ሻፍቱ ማዕዘን የተጻፈው፣ ከተጻፈም፣ አንድ መስመር ነው፤ «እንደ አስፈላጊነቱ አስተካክሉ» የሚል። እንደ ማን አስፈላጊነት? ያስተካከለስ ማን ነው? ኋላውን 6 ኢንች የሚያወርድ ዕቃ ሲሸጡ ሻፍቱ የት እንደሚደርስ አሳምረው ያውቃሉ። ሁለት ቁራጭ ብረት ሳጥኑ ውስጥ መጨመር የሚያከስራቸው አይመስለኝም፤ የኛን ክሮቼራና የካምቢዮ ጎማ ማኅተም ግን ያድን ነበር።

ጋራዥ ወስደህ «ማዕዘኑን ለኩልኝ» ስትል ደግሞ መኪናው ይሰቀላል። ሻንሲውን ይዞ በሚያነሳው በተለመደው ሊፍት! አክስሉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ባሌስትራው ተዘርግቶ። በዚያ ሁኔታ የሚነበበው ቁጥር ምን ይሠራል? መኪናው እንደዚያ ሆኖ የሚሄደው ከድልድይ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። ማዕዘን የሚለካው ጎማው ላይ ቆሞ፣ ቢቻል ሾፌሩ ተቀምጦ፣ ነዳጁ ግማሽ ያህል ሆኖ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ጋራዦች ጉድጓድ ነበራቸው፤ መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ያያል። እዚህ ይህን ሥራ የሚተካው ጎማው ላይ አቁሞ የሚያነሳው ባለ አራት ምሰሶ ሊፍት ነው። ያ ሊፍት በብዛት የሚገኘው ደግሞ የት ነው? አላይመንት ቤት። እነሱ ደግሞ ዝቅ ያለ መኪና አናስገባም ያሉት ናቸው። ባለቤቱ ራሱ ተኝቶ ይለካ እንዳይባል ዝቅ ያለ ፒካፕ ሥር ደረትን አስገብቶ መሥራት ለወጣትም ይከብዳል፤ ለኔ ዕድሜ ደግሞ አደጋ ነው።

የራሳችን ልጆች የከፈቷቸው ጋራዦችም አካባቢው ላይ አሉ፤ ትጉህ ናቸው፣ ዋጋቸውም ደህና ነው፣ እኔም ወገን ነው ብዬ እነሱን ነው የማስቀድመው። ግን እዚያም «ጋሼ፣ ዝቅ ያለ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ይለምዱታል» ይሉኛል። አልለምደውም! ለመልመድ አይደለም የመጣሁት። ንዝረቱን እኔ ብለምደው የካምቢዮው የኋላ ኩሽኔታ አይለምደውም፤ የመሃሉ ኩሽኔታ ጎማው አይለምደውም፤ ይቀደዳል። ሌሎቹ ወዳጆቼ ደግሞ «ሽጠውና እንደ ሰው ካምሪ ግዛ» ይላሉ። ለማን ልሽጠው? ያው ለሌላ ሰው፣ ያው በሽታውን ይዞ፤ እንደተሸጠልኝ ዝም ብዬ? እጄ አይሄድልኝም።

ሻፍት የሚሠሩት ቤቶች ደግሞ ሙያቸውን የሚያውቁ ናቸው፤ አልክድም። ክሮቼራውን ቀይረው፣ ቱቦው ተጣሞ እንደሆነ አይተው፣ በማሽን አዙረው ክብደቱን ያስተካክላሉ። የሚሉት ግን «ሻፍቱን ብቻ አምጣ» ነው። ሻፍቱ ሲወልቅ ምልክት ሳይደረግበት የወጣ እንደሆነ፣ የሁለቱ ቁራጮች ጥርስ አንድ ቦታ ዘሎ ሲገጠም ክሮቼራዎቹ አንድ መስመር ላይ አይሆኑም፤ ያኔ ባላንሱ ምንም ቢስተካከል ይነዝራል። አንድ ጠብታ ነጭ ቀለም የሚያድነውን ነገር! ካምቢዮው ውስጥ የሚገባው የሻፍቱ ጫፍም አለ፤ መኪናው ሲወርድ ጫፉ ወደ ውስጥ ጠልቆ ከሆነና 1 ኢንች ያህል ክፍት ካልቀረው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ካምቢዮውን ከኋላ ይጎስማል። ይህንንም የሚያሳየው መሬት ላይ የቆመው መኪና እንጂ ማሽን ላይ የተጋደመው ቧንቧ አይደለም።

ፊቱስ ተስተካክሏል። ቀለበቶቹ ገብተው፣ አይድለር አርሙ ተቀይሮ፣ የብራቾው ቡሎኖች መኪናው ጎማው ላይ እንዳለ ላልተው እንደገና ከጠበቁ በኋላ መሪው ዝም ብሏል፤ ያንንም ያደረገልኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው፣ ከመንካቱ በፊት አብሮኝ ተቀምጦ አውራ ጎዳና ድረስ የነዳ። የሻፍት ሥራ ግን አይሠራም፤ ወገቡ ሊፍት ሥር ለመጎንበስ እንኳ አይፈቅድለትም። የሻፍት ቤቱ ማዕዘን መለካት የጋራዥ ሥራ ነው ይላል። ጋራዡ የሻፍት ቤት ሥራ ነው ይላል። ኪቱን የሚሸጠው ስልክ አያነሳም። ሽብልቆቹን ባለ 2ም ባለ 4ም ዲግሪ ገዝቼ ከመቀመጫው ኋላ አስቀምጫለሁ፤ መኪናውን ጎማው ላይ አቁሞ መለኪያውን የሚያሳርፍና የትኛው እንደሚገባ የሚነግረኝ ሰው እየፈለግሁ ነው። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እስከ ሪችመንድም ቢሆን እሄዳለሁ፣ በ55 ማይል።